ወፎቹ የነገሩኝ

ወገዳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርካለም፣

ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷን አላመማትም። ወንድምሽ ይሁኔም ደህና ነው። በቅሎዋም ደህና ናት።

ደብዳቤሽ በረጀብ እጅ ደርሶኛል። እዚህ ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ረጀብ ጨርቅ ነጋዴነቱ ቀርቶ ፖስተኛ ሆኗል። ደብረ ታቦር በወረደ ቁጥር ከጨርቁ ይልቅ የሰው ወረቀት ይበዛበታል። ነግዶ ይሁን ጸድቆ የሚመለሰው አላውቅም።

ግሪሳው ቆላ ያለችው ማሽላችን ላይ ወርዷል ወይ ላልሽኝ፣ አሳምሮ ወርዷል። ሰው ሁሉ ልጁን አስተምሮ ሐኪም ሆነች፣ ዳኛ ሆነች ይላል። እኔን ልጅህ ሁለተኛ ዲግሪዋን በምን ልትይዝ ነው ሲሉኝ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ወፍ እየጠበቀች ነው እላለሁ። ወፍ መጠበቅማ እኛም ማማ ላይ ወጥተን በነጻ እንጠብቃለን ብለው ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ?

ግን እንዳዘዝሽኝ ማማው ላይ ወጥቼ አይቻለሁ። ወንጭፍ ሳስጮህ ከጫፍ ያሉት እልፍ ይላሉ፣ ከዚያ ሁሉም ዞሯል። መጀመሪያ የትኛዋ እንደ ዞረች ልይዝ ዓይኔን ሳልነቅል ባይም አልሆነልኝም። ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ስንማር፣ በማኅሌት ጊዜ የምናሸበሽበው ዓይናችንን በመሪጌታው መቋሚያ ላይ ጥለን ነበር። ያም ሆኖ ሁልጊዜ አንድ የሚሳሳት አይጠፋም፤ አንዳንዴም እኔ ነበርሁ። እነዚህ መሪጌታ የላቸውም፣ የሚሳሳትም የላቸውም። ያየሁት ይኸው ነው፤ ከረዳሽ ጻፊው።

ቅዳሜ ገበያ ትንሽ ግርግር ነበረ። ሰው ሮጠ። ለምን እንደ ሮጠ የሚያውቅ የለም፤ የዘንድሮ ሰው ጆሮውን አቁሞ ነው የሚውል። እኔም ነጠላዬን ጥዬ ቤቴ ገብቻለሁ። በሌላ ሰው ስትሰሚ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው የጻፍሁልሽ።

ጎረቤታችን ፍሬው ሰላም ብሎሻል ብዬ ልጽፍ ነበር። አሁን ሰላም የሚል ሰው አይደለም። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

አባትሽ ወልደ ሩፋኤል


ዝዋይ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዛሬ ሰላምታውን አሳጥሬ ልቆጣዎት ነው።

ረጀብ ከደብረ ታቦር ደወለልኝ። እኔ የማውቅ መስሎት “አላህ ያጽናሽ” ብሎ ጀመረ። እርስዎ “ትንሽ ግርግር” ብለው በጻፉልኝ ቀን ብርቱካን ሞታለች። የፍሬው ሚስት፣ እኔን አዝላ ወንዝ ታሻግረኝ የነበረች ብርቱካን፣ በርበሬ ተራ ተቀምጣ ሳለ የሚሮጥ ሰው ረግጧት ሞተች። ደብዳቤዎን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። የበቅሎዋ ጤና ተጽፏል፣ የብርቱካን ሞት አልተጻፈም። አባባ፣ እኔ ልጅ አይደለሁም እኮ። እዚህ ሰው በሌለበት አገር ብቻን ሆኖ ሲያለቅሱ መዋል ምን እንደሚመስል ቢያውቁ ኖሮ ቀድመው ይነግሩኝ ነበር።

ተቆጥቼ ጨረስኩ። አሁን ሌላ ነገር ልጠይቅዎት። ረጀብ እንደሚለው የብርቱካን ወንድሞች “መጀመሪያ የሮጠውን ሰው አምጡልን” እያሉ ነው። እውነት ነው? እውነት ከሆነ እባክዎ ይህን ይንገሯቸው።

እኔ ማታ ማታ ግሪሳው ለማደር ወደ ሐይቁ ደንገል ሲመጣ በሁለት ካሜራ እቀርጻለሁ። ከዚያ ላፕቶፕ ላይ አዘግይቼ አያለሁ። መንጋው በሙሉ ባንድ ጊዜ የሚዞር ይመስላል እንጂ አይደለም። አንዷ ወፍ መንጋውን አታየውም፤ የምታየው ከአጠገቧ ያሉትን ስድስት ሰባት ብቻ ነው። አንዷ ክንፏን ስታጋድል ጎረቤቷ ታጋድላለች፣ የጎረቤቷ ጎረቤት ትከተላለች። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ መዞሩ ወዲያኛው ጫፍ ደርሷል። እኛ ሰዎች ወሬ ስናቀባብል እየደበዘዘ ይሄዳል፤ የእነሱ መዞር ግን በመንገድ ላይ አይደክምም። የመጨረሻዋ ወፍ የምትዞረው ጭልፊቱን በዓይኗ እንዳየች ሆና ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭልፊት የለም። ቪዲዮውን ደጋግሜ ባየው ምንም የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የዞረችው ምን አጠፋች? የፈራችው ከሌሎቹ አልበለጠም፤ ቦታዋ ዳር ሆነ እንጂ።

ይሁኔ የት ነበር? ደህና ነው ብለው ሳይሆን እውነቱን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሰርካለም


ወገዳ፣ ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርካለም፣

ቁጣሽ በጤና ደርሶኛል። እግዚአብሔር ቁጣሽን አያሳጣኝ፤ ልክ ነሽ፣ ይቅር በይኝ። ብርቱካን ሞተች ብዬ ለመጻፍ ብዕሩን ባነሣሁ ቁጥር እጄ ወደ በቅሎዋ ሄደብኝ። ለምን እንደ ሄደብኝ አሁን እነግርሻለሁ።

ይሁኔ በዚያ ቀን በቅሎዋን ዋጋዋን ሊያስገምት ገበያ ወስዷት ነበር። የቆመው ከብት ተራ፣ ከሁሉም ዳር፣ ከቆርቆሮ አጥሩ ጥግ ነው። ሰው እያነጋገረ ሳለ ልጓሟን አሾልካ አመለጠችው። እሷን ሊይዝ ሮጠ። ነገሩ ይኸው ነው። አጠገቡ የቆሙት በቅሎ ማምለጧን አላዩም፤ ሲሮጥ ያዩት እሱን ነው። ታጥፎ ወደ መንገድ ሲወጣ እነሱም ወጡ። እሱ በቅሎዋን ይዞ ሲመለስ ገበያው ባዶ ሆኖ አገኘው። እንዲያውም ምን ሆናችሁ ብሎ ሰው ጠይቋል፣ የኔ ሞኝ። ነገሩ የገባው ማታ፣ የብርቱካን ለቅሶ ሲሰማ ነው። ይህን የነገረ ለእኔና ለእናትሽ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ እህል ከአፉ አይገባም፤ በቅሎዋን አጠገቧ ደርሶ አያያትም።

ያንቺን የወፍ ነገር ለብርቱካን ወንድም ለዘመኑ ነገርሁት። “መሪጌታ፣ እህቴ ወፍ አይደለችም” አለኝና ተነሥቶ ሄደ። እህቱ ናት።

አሁን የባሰው መጥቷል። ሽማግሎቹ አውጫጭኝ ጠርተዋል። አንቺ ሕፃን ሳለሽ ነው የመጨረሻው የተደረገ፣ አታውቂውም። የአገሩ ሰው በሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በታች ካለው ሜዳ ይገባል። ከገባ በኋላ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ከብትም ቢጠፋ፣ እህልም ቢረግፍ። አንድ በአንድ እየተነሣ ያየውን በመሐላ ይናገራል። ይሁኔ ምለህ ተናገር ሲባል ምን ሊሆን ነው? ሐሰት ከማለ ነፍሱ ትጠፋለች። እውነቱን ከተናገረ ዘመኑ “ደም” ብሏል፤ የሚለውን የሚያደርግ ሰው ነው። እኔ ዘመድ ስለሆንሁ ስለ እሱ መናገር አልችልም፤ የምቀመጠው ለብቻዬ ነው።

ስለዚህ ልለምንሽ። ያን ለእኔ የጻፍሽውን ለሽማግሎቹ በሚሆን ቃል አድርገሽ ጻፊልኝ። የተማረ ሰው ቃል ነው ሲባል አያ ንጋቱ ጆሮ ይሰጣል፤ የሽማግሎቹ አለቃ እሱ ነው። እኔ በአፌ ብለው የአባት ነገር ነው ይሉኛል። ምንም የማደርገው የለኝም ልጄ። ቀኑ ገና አልተቆረጠም፤ ፈጠን በይ።

አባትሽ ወልደ ሩፋኤል


ዝዋይ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ደብዳቤዎ እንደ ደረሰኝ ሌላ ሥራዬን ሁሉ አቆምኩ። ከአምስት ጊዜ በላይ ጽፌ ቀደድኩት። ሲረዝም የትምህርት ቤት ይመስላል፣ ሲያጥር ክርክር ይመስላል። የይሁኔን ስም አላነሣሁም። ከዳር ስለሚቆም ሰው ግን ጽፌያለሁ፤ ነገሩ እሱ ዘንድ መድረሱ ካልቀረ፣ ጥፋተኛ አለመሆኑን ቀድመው ይስሙ ብዬ ነው። እርስዎ መጀመሪያ ያንብቡት። የማይሆን ነገር ካለበት ይሰርዙት፣ አገሩን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ለሽማግሎቹ የሚነበበው ይህ ነው፦

“የተከበራችሁ አባቶቻችን፣ እኔ የወልደ ሩፋኤል ልጅ ሰርካለም ነኝ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነው ነገር የማውቀውን እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ። ወፎቹ የነገሩኝ ይህን ነው፦ መጀመሪያ የሮጠው መካከል የነበረ አይደለም፣ ከዳር የቆመው ነው። ነገር ግን ከዳር የቆመው ክፉ አላሰበም። ከጎኑ ያለው እሱን አይቶ ሮጠ፣ የዚያ ጎረቤት ያንን አይቶ ሮጠ። እያንዳንዱ ያየው አጠገቡን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሰው ባይኖር ሌላ መጀመሪያ በሆነ ነበር። ስለዚህ ብርቱካንን የገደለ አንድ ሰው የለም። እኔም ስለ እሷ አለቅሳለሁ፤ አዝላ አሳድጋኛለችና። ይህን የምለው ከዓመት በላይ ተከታትዬ ያየሁትን ይዤ ነው።”

“ወፎቹ የነገሩኝ” ያልኩት ነገሩ ለጆሮ እንዲቀል ብዬ ነው። እርስዎና እናቴ ይሁኔን ጉንጩን ሳሙልኝ። እህል ይብላ በሉት።

ልጅዎ ሰርካለም


ዝዋይ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

መልስዎ ስለዘገየብኝ ሳልጠራ መጣሁ። ረጀብ ባለፈው ሳምንት ወረቀቱን ይዞ እንደ ወጣ አውቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን ስልኩ አይነሣም። ነገሩ ረዳ? አያ ንጋቱ ምን አሉ?

ዝምታዎን እንደ መልካም ወሬ ቆጥሬዋለሁ። መጥፎ ቢሆን እርስዎ ስለ በቅሎዋ ጤና ይጽፉልኝ ነበር፤ በጨዋታ ነው፣ አይቆጡኝ።

እኔ ደህና ነኝ። የሐይቁ ውኃ ቀንሷል። ግሪሳውም ማደሪያውን ወደ ምሥራቅ አዛውሯልና ካሜራዬን ተሸክሜ እኔም ተዛውሬያለሁ። አስተማሪዬ ሥራሽ ጥሩ ነው ብሎኛል። እንዲህ ያለ ነገር ሲሉኝ ከመደሰቴ በፊት ለእርስዎ እንዴት እንደምጽፈው ነው የማስበው።

ለገና ልመጣ አስቤ ነበር። መንገዱ እንዴት ነው?

ልጅዎ ሰርካለም


ወገዳ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርካለም፣

ሰላምታ ላሳምር ብዬ ወረቀቱን ሳየው ዋልሁ። አልመጣልኝም። በሕይወት አለን።

የሆነውን በሌላ አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። ቀኑ ድንገት ተቆረጠና ገባን። ከጠዋት ጀምሮ ሰው እየተነሣ ተናገረ። አንዱ “እኔ የሮጥሁ እገሌ ሲሮጥ አይቼ ነው” ይላል። እገሌ ይነሣና “እኔ የሮጥሁ እከሌን አይቼ ነው” ይላል። እከሌ ሲነሣ የመጀመሪያውን ሰው ይጠራል። ልክ አንቺ እንዳልሽው ሁሉም ያየው ጎረቤቱን ብቻ ነው። ነገሩ በርበሬ ተራና እህል ተራ መካከል ዞሮ ዞሮ ተመልሶ እዚያው። ከብት ተራ የደረሰም የለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ንጋቱ እንኳ ደክሞት “ይኸ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው እንጂ የሰው እጅ የለበትም፤ ዳዊት ደግመን እንበተን” ማለት ጀምሮ ነበር። ልጄ፣ ልንበተን ነበር። የይሁኔ ተራ አልደረሰም ነበር።

ረጀብ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከመንገድ ሲገባ ቤቶች ሁሉ ተዘግተው ቢያገኝ፣ አስቸኳይ ነው ስላልሽው፣ እዚያው ሜዳው ድረስ አመጣልኝ። በአውጫጭኝ ሽማግሌ ሳያየው ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ነገር የለም። አያ ንጋቱ ተቀበለውና ከፈተው። “ከመሪጌታ ልጅ ነው፣ ስለ ገበያው ነው” ብሎ ለሽማግሎቹ ያልሽውን ገጽ ለሚያነብ ሰው ሰጠው።

አሁን የምጽፍልሽን ስታነቢ ራስሽን እንዳትጎጂ። በእኛ አገር በአውጫጭኝ ጊዜ በምስጢር የሚጠቁም ሰው አለ። ስሙ አይጠራም፣ ፊቱ አይታይም፣ ቃሉም አይመረመርም። ያ ሰው “ወፍ” ይባላል። ሽማግሌው “ወፍ ነገረኝ” ካለ ነገሩ አለቀ። አንቺ ትምህርት ቤት ያደግሽ ከየት ትሰሚዋለሽ? እኔ ነበርሁ ልነግርሽ የሚገባኝ፤ ቀድሜ አነባለሁ ብዬ ሳላስበው ቀረሁ።

አንባቢው “ወፎቹ የነገሩኝ ይህን ነው” ሲል ሽማግሎቹ ቀና አሉ። “ከዳር የቆመው ነው” ሲል ከፊት የተቀመጡት ዞሩ። ከኋላቸው ያሉት ገና ቃሉን አልሰሙም፤ የፊተኞቹ ሲዞሩ አይተው ዞሩ። የዚያኞቹም ጎረቤቶች ዞሩ። የሰው ራስ እንዲያ ሆኖ ከሜዳው ጫፍ እስካለው ዋርካ ሥር ሲደርስ በዓይኔ አየሁት። ማማ ላይ ሆኜ መያዝ ያቃተኝን ያን ቀን ያዝሁት። ሁሉም የዞረው ወደ ይሁኔ ነው። በዚያን ቀን ከዳር፣ በቅሎ ይዞ ቆሞ የነበረ ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ እስከዚያች ቃል ድረስ ግን ያሰበው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን “ክፉ አላሰበም” ያልሽውን የሰማው የለም። አንባቢው ማንበቡን አልተወም፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ጩኸቱ ዋጠው። እኔ ተነሥቼ “ይኸ ሌላ ወፍ ነው፣ የሰማይ ወፍ ነው” ብል ተቀመጥ አሉኝ። በወፍ ቃል ላይ አይነገርም፣ ያውም አባቱ። “የገዛ እህቱ ወፍ ሆነችበት” ሲሉ ሰማሁ። ተቀመጥሁ።

ይሁኔ ሲጠየቅ አልካደም። በቅሎዋን ተናገረ። የሣቀ ሰው ነበረ፤ ያ ሣቅ ከሁሉ ይልቅ ዘመኑን አቃጠለው። ሽማግሎቹ ዕርቅ እስኪወርድ አገር ይልቀቅ ብለው ፈረዱ። ዘመኑ ዕርቁን አልቀበልም፣ የገባበት እገባለሁ ብሎ ከሜዳው ወጣ።

ይሁኔ እኛን ሳይሰናበት ሄዷል። ወዴት እንደሆነ አላውቅም። ወደ አንቺ ይመጣ ይሆናል ብዬ አስባለሁ፤ ሌላ ማን አለው? ከመጣ በማንኛውም መንገድ አሳውቂኝ። እናትሽ ደርሷል የሚል ቃል ካልሰማሁ እህል አልቀምስም ብላለች፤ ትለዋለችም ታደርገዋለችም።

ባንቺ አልተቀየምሁም። ይህን ሦስት ጊዜ አንብቢው።

አባትሽ ወልደ ሩፋኤል


ወገዳ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርካለም፣

ባለፈው ደብዳቤ አሳውቂኝ ያልሁሽን ተይው። ከመጣ አትጻፊ። ካልመጣም አትጻፊ። ለገናም አትምጪ።

ዘመኑና ወንድሞቹ አሁን መናኸሪያው ላይ ናቸው የሚውሉ። ከደብረ ታቦር የሚገባውን መኪና ሁሉ ይቀበላሉ። ረጀብን በጠራራ ፀሐይ ኪሱን ሳይቀር ፈትሸውታል፤ እሱም ከእንግዲህ የሰው ወረቀት አልይዝም ብሎ ስልኩንም ዘግቷል፣ አልፈርድበትም። ያን የኅዳር ሃያ ስምንቱን ደብዳቤሽን ቀምተው ገበያ መካከል ነው ያነበቡት። ለእኔ የደረሰኝ ተከፍቶ፣ በብዙ እጅ አድፎ ነው። “ወፏ ምን አለች?” እያለ ሰው ተሰበሰበ አሉ። የሐይቁ ውኃ ቀንሷል ያልሽውን ምን ማለቷ ነው፣ ወደ ምሥራቅ ተዛውሬያለሁ ማለቷ ይሁኔን አሸሸሁት ማለቷ ነው ወይ እያሉ ሲከራከሩ ዋሉ። ከእንግዲህ አንቺ የምትጽፊው ሰላምታ እንኳ ሰላምታ አይደለም። የወፍ ቃል ነው።

የት እንዳለ እስካሁን አያውቁም። የሚያድነው ይኸ ብቻ ነው። እኔም ማወቅ አልፈልግም። እናትሽን ደርሷል ብዬ ዋሽቻታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀምሳለች።

ፍሬው ትናንት መጣ። ከቀብሩ ወዲህ ደጃችንን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ከደጃፉ ተቀመጠና “ዘመኑን ተው ብዬው ነበር፣ አልሰማ አለኝ” አለ። ቆይቶ ደግሞ “ላስነሣት እጇን ይዣት ነበር እኮ፣ መሪጌታ። የለቀቅኋት እኔ ነኝ” አለ። ለምን ለቀቅሃት አላልሁትም። እሱ ግን መለሰልኝ። “እርስዎ ሲሮጡ አይቼ ነው” አለኝ።

ልጄ፣ እኔ ደግሞ ማንን አይቼ እንደ ሮጥሁ እንኳ አላስታውስም። ነጠላዬ ሲወድቅ ትዝ ይለኛል። እስኪመሽ አንድ ላይ ተቀመጥን።

ይህን ወደ መካነ ኢየሱስ ከተማ ለምትሄድ ሴት ሰጥቻታለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚቀበላት ከተገኘ ይደርስሻል። እንዲደርስሽ ከምጸልይ ሌላ የማደርገው የለኝም። አደራሽን፣ አንድ ፊደል እንዳትጽፊ።

አባትሽ ወልደ ሩፋኤል


ዝዋይ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ደስ ይበልዎት! ይሁኔ ደርሷል።

የታኅሣሥ አንዱ ደብዳቤዎ ትናንትና ነው በብዙ ሰው እጅ አልፎ የገባልኝ። ይሁኔ ግን እሱ ራሱ ቀድሞት መጥቶ ሁሉን ነግሮኛል። ያቺ ቃል እንደዚያ ያለ ትርጉም እንዳላት ባውቅ ኖሮ፣ አባባ፣ እጄን በቆረጥኩ። እግሩ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። “አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ተነሺ፣ ሰው ያየናል” አለኝ። እርስዎም አልተቀየምኩም ብለዋል። ሦስት ጊዜ አንብቢው እንዳሉኝ አነበብኩት፤ አንዱንም ጊዜ ማመን አልቻልኩም።

ከስቷል፣ እግሩም አባብጧል፣ ግን ጤነኛ ነው። እናቴ እንዳትሰጋ እህል ይበላል። የመጀመሪያ ቀን ዓሣ ባቀርብለት ጾም ነው ብሎ ተቆጣኝና ሽሮ ሠራሁለት። አሁን ማታ ማታ ካሜራዬን ይሸከምልኛል። ትናንት ላፕቶፑ ላይ የግሪሳውን መዞር አዘግይቼ አሳየሁት። ደጋግሚልኝ፣ ደጋግሚልኝ አለኝ። በመጨረሻ ከዳር ያለችውን፣ መጀመሪያ የዞረችዋን በጣቱ ነካት። “ይቺ ምን አይታ ነው?” አለኝ። አናውቅም አልኩት። ትንሽ አሰበና “ምናልባት በቅሎ አምልጣት ይሆናል” አለ። ከዚያ ሁለታችንም እስክናለቅስ ሳቅን። ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከእኔ ጋር ነው የሚያድረው። እናቴ ጋቢውን የምትልክለት ሰው ካገኘች ቤቱ አይጠፋም፤ ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚራገፍበት ቦታ አለ፣ ከዚያ ጀርባ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ነው። ቀን ቀን እኔ ደንገሉ ጋ ስሆን እሱ ብቻውን ቤት ይውላል፣ ስለዚህ በማንኛውም ሰዓት የመጣ ሰው ያገኘዋል።

የረጀብ ስልክ ዛሬም አልተነሣም። እግዚአብሔር ሲረዳ ግን ጭነት ይዞ እስከ ወገዳ የሚሄድ የአይሱዙ ሾፌር አገኘሁ፤ ነገ ጠዋት ይነሣል። እንዳይጠፋ ፖስታው ላይ የእርስዎንም የእኔንም ስም በትልልቅ ፊደል ጽፌበታለሁ። ሾፌሩ እርስዎን ስለማያውቅዎት፣ መናኸሪያው እንደ ደረሰ ስምዎን ጮክ ብሎ እንዲጠራ አደራ ብዬዋለሁ።

ልጅዎ ሰርካለም